ልጆች ይዞ ፖርቱጋል፦ በሰመር ዕረፍት ዕቅድ ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአውሮፓም በአሜሪካም ያሉ ብዙ የሐበሻ ቤተሰቦች ሰመር ሲቃረብ "ዘንድሮ ልጆቹን የት እንውሰዳቸው?" ይላሉ። ፖርቱጋል ስሟ ይነሳል። ለልጆች የምትመች አገር ስለሆነች ደስ ይለኛል። ችግሩ ስለ አገሪቱ የሚወራው ብዙው ነገር ከስፔንና ከጣሊያን ጋር የተቀላቀለ መሆኑ ነው። ያንን አምኖ ትኬት የቆረጠ ቤተሰብ እዚያ ሲደርስ ግራ ይጋባል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ቦታውን የምትመርጡት በልጆቻችሁ ዕድሜ ይሁን። ፎቶውን ከዚያ በኋላ ተመልከቱት።

"ባሕሩ ሜዲትራንያን ነው፤ ውሃው ይሞቃል"

አይደለም። የፖርቱጋል ባሕር በሙሉ አትላንቲክ ውቅያኖስ ነው። በጁላይ ቀን አየሩ 30 ዲግሪ ሆኖ ውሃው 17 ወይም 18 ሊሆን ይችላል። በተለይ ከሊዝበን ወደ ሰሜን ያለው የምዕራብ ዳርቻ እንደዚያ ነው። ምክንያቱ ነፋሱ ነው። በሰመር ከሰሜን የሚነፍስ ኖርታዳ የሚባል ነፋስ አለ። ላይ ላዩን የሞቀውን ውሃ ወደ መሐል ባሕር ይገፋዋል፤ በምትኩ ቀዝቃዛው ከታች ይወጣል። ስለዚህ ፀሐዩ በርትቶ ውሃው በረዶ ቢሆንባችሁ አትገረሙ።

ደቡቡ፣ አልጋርቭ የሚባለው፣ ይሻላል። ጁላይና ኦገስት ላይ ውሃው ከ20 እስከ 22 ዲግሪ ይደርሳል። ወደ ስፔን ድንበር በተጠጋችሁ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይሞቃል፤ ማዕበሉም ይቀንሳል። ታቪራና ሞንቴ ጎርዶ ያሉት በዚያ በኩል ነው። አሸዋው ሰፊ ነው፣ ገደል የለም፣ ውሃውም ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው። ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ እኔ የምመክረው ይሄንን ጎን ነው። በየፎቶው የምታዩት ወርቃማ ገደል ያለው ከአልቡፌራ እስከ ላጎስ ባለው በኩል ነው። በጣም ያምራል። ግን ብዙዎቹ ጋ የሚወረደው በረጅም ደረጃ ነው፤ ጋሪ፣ ጃንጥላ፣ ምሳ እና የተኛ ልጅ ይዞ መውረድና መውጣቱን አስቡት።

ከሊዝበን መራቅ ለማይፈልጉም መላ አለ። ወደ ሰሜን ከአንድ ሰዓት ትንሽ በለጥ የሚያስነዳ ሳኦ ማርቲንዮ ዶ ፖርቶ የሚባል ከተማ አለ። ባሕሩ በጠባብ በር ገብቶ ክብ ሆኖ ስለሚተኛ ማዕበል የለውም ማለት ይቻላል። ውሃው ያው ቀዝቃዛ ነው፤ ልጆች ግን ሳይፈሩ ይንቦጫረቁበታል።

"ላይፍጋርድ ካለ ልጆቹን መልቀቅ ይቻላል"

መጀመሪያ ባንዲራውን እዩ። አረንጓዴ ከሆነ መዋኘት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቢጫው ላይ ነው። "ተጠንቅቃችሁ ዋኙ" ይመስለዋል። በፖርቱጋል ቢጫ ማለት እግር መንከር ይቻላል፣ መዋኘት ግን ክልክል ነው። ቀይ ሲሆን ጨርሶ ውሃ ውስጥ አይገባም። ሰማያዊና ነጭ ዳማ ከተሰቀለ ደግሞ ጠባቂው ለጊዜው ቦታው ላይ የለም ማለት ነው። ይሄንን ለልጆቹ ገና ሆቴል ሳላችሁ አስተምሯቸው። የባንዲራ ቀለም ማየት ደስ ስለሚላቸው ጠዋት ጠዋት እነሱ ራሳቸው ይነግሯችኋል።

ሁለተኛው ነገር ገደሉ ነው። እዚህ ላይ እባካችሁ አትቀልዱ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ሲከር ገደሉ ሥር ጥላ ይኖራል። ሕፃን የያዘች እናት ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ድንጋዩ ግን በቀላሉ የሚፈረፈር ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2009 አልቡፌራ አቅራቢያ ማሪያ ሉዊዛ የሚባል ባሕር ዳርቻ ላይ ገደል ተንዶ አምስት ሰዎች ሞተዋል። የማስጠንቀቂያ ሰሌዳው የተተከለው ለዚህ ነው። ከገደሉ ቁመት አንድ ተኩል ያህል ርቃችሁ ተቀመጡ። ጥላ ከፈለጋችሁ ጃንጥላ ተከራዩ።

"ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይጎዳውም"

ከነጭ ቆዳ ይልቅ ይቋቋማል እንጂ አይጎዳውም ማለት አይደለም። ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ ልጁ መቃጠሉን አያውቀውም። ሰንስክሪን ቀቡት፣ ኮፍያ አድርጉለት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት (በአውሮፓ አቆጣጠር ከ12 እስከ 4) ባለው ጊዜ ከፀሐይ አስወጡት።

"የመኖሪያ ፈቃድ ካለን ሌላ ወረቀት አያስፈልግም"

ይሄ የኛን ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስቸግር ጉዳይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ ጀርመን፣ ስዊድን፣ ጣሊያን ወይም ሌላ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ካላችሁ ልክ ነው፤ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ፖርቱጋል መቆየት ትችላላችሁ። ግን ፈቃዱም ፓስፖርቱም ጊዜያቸው ያላለፈ መሆን አለበት፤ ሁለቱንም መያዝ ያስፈልጋል። ልጁም የራሱ ወረቀት ሊኖረው ይገባል።

የእንግሊዝ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የአሜሪካ ግሪን ካርድ ግን ለዚህ አይሠራም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ከሆነ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ሊገባ ይችላል፤ ቢያንስ 15 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት። ለሰመር ቀጠሮ ቶሎ ስለሚያልቅ በፀደይ መጀመር ይሻላል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 ዓመት እስከ 12 ዓመት ላልሞላው 45 ዩሮ ነው፤ ከ6 ዓመት በታች አይከፈልም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ቤተሰብ ውስጥ ልጆቹ የእንግሊዝ ፓስፖርት ኖሯቸው እናት ወይም አባት የኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚይዝበት ጊዜ አለ። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የእያንዳንዱን ሰው ፓስፖርት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ለየብቻ አጣሩ።

ሌላው የስም ጉዳይ ነው። የኛ ልጅ የአባቱን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይወርስም። እናትዬው ብቻዋን ልጆቿን ይዛ ስትሄድ በፓስፖርቱ ላይ የእሷ የመጨረሻ ስም ሌላ፣ የልጆቹ ሌላ ነው። የድንበር ሠራተኛው ይሄንን አያውቅም፤ "ልጆቹ ያንቺ ናቸው?" ብሎ መጠየቁ ሥራው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። የልደት ሰርተፍኬት ከነትርጉሙ ያዙ። አንድ ወላጅ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ሌላኛው የፈረመበትና በኖታሪ የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ ይኑራችሁ። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ጥያቄ ልጆች ፊት ግማሽ ሰዓት እንዳይሆን ይረዳል።

"ኦገስት ምርጡ ወር ነው"

ትምህርት ቤት ካላስገደዳችሁ በስተቀር አይደለም። ኦገስት ፖርቱጋሎቹ ራሳቸው ዕረፍት የሚወጡበት ወር ስለሆነ ቤቱ ይወደዳል፣ ባሕር ዳርቻውም ይጨናነቃል። ትምህርታቸው ቀድሞ የሚዘጋ ልጆች ያሏችሁ የጁን መጨረሻ ላይ ሂዱ። ጁን 23 ማታ ፖርቶ ከሆናችሁ የሳኦ ዣኦ በዓል ነው፤ ሰዉ በፕላስቲክ መዶሻ እርስ በርሱ ጭንቅላት ጭንቅላቱን ቀስ አድርጎ ይመታታል። ልጆች ይሄንን አይረሱትም።

የመሐል አገሩን፣ በተለይ አሌንቴዦን፣ በኦገስት ከትንንሽ ልጆች ጋር ባታስቡት እመርጣለሁ። ከ40 ዲግሪ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ኦርቶዶክስ ለሆናችሁ ደግሞ ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው። ልጆቹ የሚጾሙ ከሆነ ኩሽና ያለው አፓርታማ ተከራዩ፤ ምግቡም ወጪውም ይቀላል።

"በሳምንት ውስጥ ሊዝበንን፣ ፖርቶን፣ ሲንትራን እና አልጋርቭን እናዳርሳለን"

ካርታው ላይ አገሪቱ ትንሽ ናት። ከሊዝበን ፖርቶ በፈጣን ባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ፣ አልጋርቭ ያለችው ፋሮም እንደዚያው ናት። ግን ሻንጣ ማሰር፣ መፍታት፣ አዲስ አልጋ ላይ ልጅ ማስተኛት አለ። ለአንድ ሳምንት ሁለት ቦታ ይበቃል።

ሊዝበን ዳገት ነው፤ መሬቱም በትንንሽ የተወለወለ ድንጋይ የተነጠፈ ነው። ጋሪ ይንገጫገጫል፣ ሲዘንብም ያንሸራትታል። ሕፃኑን ማዘል ወይም በማዘያ መያዝ የተሻለ ነው። ሜዳማ ቦታ ከፈለጋችሁ ፓርኬ ዳስ ናሶይንስ ሂዱ። እ.ኤ.አ. በ1998 ለዓለም ኤግዚቢሽን የተሠራ ሠፈር ነው። ኦሴያናሪዮ የሚባለው ትልቁ የዓሣ ቤት እዚያ ነው። መሐሉ ላይ ያለው ገንዳ አምስት ሚሊዮን ሊትር የሚይዝ ነው፤ ሻርኩ ከልጁ ፊት መስታወቱን እየታከከ ያልፋል። ለአንድ ሙሉ ጠዋት ይበቃል።

ሲንትራ ስትሄዱ የፔና ቤተ መንግሥት ትኬት ሰዓት ያለው ስለሆነ ቀድማችሁ ግዙ። መኪናችሁንም ላይ ድረስ አታወጡትም። ሊዝበን ካለው ሮሲዮ ጣቢያ በባቡር 40 ደቂቃ ነው።

"ያለ መኪና አይሆንም"

ከመረጣችሁት ቦታ ጋር ነው የሚያያዘው። አልቡፌራ የባቡር ጣቢያው ከከተማው ኪሎ ሜትሮች ይርቃል። ታቪራ ግን ከጣቢያው በእግር ይገባል፤ ወደ ባሕሩ የሚወስደው ጀልባም አለ። ልጆች ጀልባውን ከባሕሩ እኩል ይወዱታል። መኪና ከተከራያችሁ ከ12 ዓመት በታች ሆኖ ቁመቱ 135 ሴንቲ ሜትር ላልደረሰ ልጅ የልጅ መቀመጫ ግዴታ ነው። አልጋርቭን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው ኤ22 መንገድ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ክፍያ የለውም። ከሊዝበን የሚወርደው ኤ2 ግን ያስከፍላል።

"ጠረጴዛ ላይ የመጣው ዳቦ ነፃ ነው፤ ምግቡም ዓሣ ብቻ ነው"

ቁጭ ከማለታችሁ አስተናጋጁ ዳቦ፣ ወይራ፣ ቅቤ፣ አንዳንዴም አይብ ያስቀምጣል። ኩቬርት ይባላል። ከበላችሁት ይከፈላል። ካልነካችሁት ወይም መልሱልን ካላችሁ አይከፈልም፤ ሕጉም እንደዚያ ነው። የራበው ልጅ እጁን ከመስደዱ በፊት ወስኑ።

የአሳማ ሥጋ ለማትበሉ ደግሞ፣ ክርስቲያንም ሁኑ ሙስሊም፣ ይሄንን ልብ በሉ። ካልዶ ቬርዴ የጎመን ሾርባ ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ የአሳማ ቋሊማ ቁራጭ ይገባበታል። ቢፋና የሚባለው ሳንድዊች አሳማ ነው፤ ፕሬጎ የሚባለው የበሬ ነው። ባቄላ ያለበት ሩዝ ስታዙም ጠይቁ። "ፖርኮ" የሚለውን ቃል ካወቃችሁ ይበቃል። ለልጆች ግን ሁሌም የማያሳፍረው በከሰል የተጠበሰ ዶሮ ነው፤ ሚጥሚጣውን ለብቻ አስመጡ። ሜያ ዶዝ ካላችሁ ግማሽ ምግብ ይመጣል፤ ለሁለት ልጅ በቂ ነው።

"ልጆች ይዞ ማታ ምግብ ቤት መግባት ነውር ነው"

ፖርቱጋል ውስጥ ልጅ ይወደዳል። አሮጊቷ ጉንጩን ትነካዋለች፣ አስተናጋጁ ያጫውተዋል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይም አደባባዩ ላይ ልጆች ይሯሯጣሉ። ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሕፃን ለታቀፈ፣ ለነፍሰ ጡርና ለአረጋዊ በሰልፍ ቅድሚያ መስጠት በሕግ ተደንግጓል። ሱፐርማርኬትም ላይ ይሠራል። ሳታፍሩ ወደ ፊት ሂዱ።

"ታሪካዊ ቦታ ለልጆች አሰልቺ ነው"

ለኛ ልጆች እንኳን አይደለም። ሊዝበን ቤሌም ወንዙ ዳር የአሳሾች ሐውልት አለ። መርከብ የመሰለ ነው፤ በሁለቱም ጎኑ ከድንጋይ የተቀረጹ ሰዎች ተሰልፈውበታል። ከነሱ መሐል ሁለቱ ኢትዮጵያ የገቡ ናቸው። አንደኛው ፔሮ ዳ ኮቪልያ ነው፤ ከፖርቱጋል ንጉሥ ተልኮ መጥቶ ተመልሶ እንዳይሄድ ተከልክሎ እዚያው ቀረ። ሁለተኛው የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቫዎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1541 አራት መቶ ወታደር ይዞ ምጽዋ ወርዶ ከእቴጌ ሰብለ ወንጌል ጎን ቆሞ የኢማም አሕመድን ጦር ተዋጋ፤ በሚቀጥለው ዓመት ተማርኮ ተገደለ። ልጆቹን "ሁለቱን ፈልጉ" በሏቸው። የአባትየው መቃብር መንገዱን ተሻግሮ ጀሮኒሞስ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ ነው። ሐውልቱን ከውጭ ለማየት አይከፈልም። ገዳሙ ሰኞ ዝግ ስለሆነ በሌላ ቀን፣ በጠዋቱ ሂዱ።