«የአንጎል ትንንሽ የደም ሥሮች ሕመም» ምን ማለት ነው?

የኤምአርአይ (የአንጎል ምስል ምርመራ) ውጤት ላይ ይህን ያነበበ ሰው ወይ ስትሮክ ወይ አልዛይመር መስሎት ይደነግጣል። ቃሉ ሁለቱንም ማለት አይደለም። የደም ግፊት ለዓመታት ከፍ ሲል፣ በጣም የቀጠኑት የአንጎል ሥሮች ግድግዳቸው ይወፍራል፣ ውስጣቸው ይጠብባል፤ አንጎልም ደም ያጥረዋል። ምልክቱ ሁልጊዜ በመርሳት አይጀምርም። እማማ ቡና ሲያፈሉ ቅደም ተከተሉ ይምታታባቸዋል፣ እርምጃቸው ይንቀራፈፋል። እኛ ደግሞ «አረጁ እኮ» ብለን እናልፈዋለን፤ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ውጤቱ የወጣው ስፕሪንት ማይንድ ጥናት የላይኛውን የግፊት ቁጥር ከ120 በታች ለማድረስ የታከሙትን ከ140 በታች ከታለመላቸው ጋር አነጻጸረ። በመጀመሪያዎቹ ላይ መለስተኛው የማሰብ መዳከም 19 በመቶ ያህል ቀነሰ። የመርሳት በሽታው ራሱ ግን በግልጽ አልቀነሰም። ክኒን በራስ መጨመር ግን አይሞከርም፤ ግፊቱ ከልክ በላይ ሲወርድ አዛውንት ሊወድቁ ይችላሉ።