ጃካራንዳና የድሬዳዋ ዛፍ፦ የባሕር ዳርን የጎዳና ዛፎች እንዴት እንለያለን?

ክረምቱ ሊገባ ሲል ባሕር ዳር ሐምራዊና ቀይ ትለብሳለች። ሐምራዊው ጃካራንዳ ነው። ቀዩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የድሬዳዋ ዛፍ ነው። ሁለቱም ለጎጃም እንግዳ ናቸው፤ ጃካራንዳ የደቡብ አሜሪካ፣ የድሬዳዋ ዛፍ ደግሞ የማዳጋስካር ተወላጅ ነው።

አበባ ላይ እያሉ ማንም አያምታታቸውም። ጉዱ የሚመጣው አበባው ሲረግፍ ነው። ሁለቱም ረጅም የቅጠል ዘንግ አላቸው። ከዘንጉ ግራና ቀኝ ቀጫጭን ዘንጎች ይወጣሉ፤ በእነሱ ላይ ደቃቅ ቅጠሎች ይደረደራሉ። ከሥር ቆሞ ላያቸው አንድ ዓይነት ይመስላሉ። እኔ መጀመሪያ የማየው የቅጠሉ ዘንግ ከቅርንጫፉ የሚወጣበትን ቦታ ነው። ጃካራንዳ ላይ ሁለት ዘንጎች ፊት ለፊት ሆነው ይወጣሉ። የድሬዳዋ ዛፍ ላይ ግን አንዱ እዚህ፣ ሌላው ከፍ ብሎ በሌላ በኩል ነው። ከዚያ አንዷን ደቃቅ ቅጠል ጠጋ ብሎ ማየት ነው። የጃካራንዳ ጫፏ ሹል ነው፤ የድሬዳዋ ዛፍ ክብ ያለ ነው።

ፍሬው ካለማ ነገሩ አለቀ። የጃካራንዳ ፍሬ ክብና ጠፍጣፋ ነው፤ ሲደርቅ ለሁለት ይከፈትና ስስ ክንፍ ያላቸውን ዘሮች ለነፋስ ይለቃል። የድሬዳዋ ዛፍ ፍሬ ከ30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ እንጨት ሆኖ ይንጠለጠላል።

የወደቀ አበባ ማንሳትም ደስ ይላል። የጃካራንዳ ቱቦ ነው፣ አፉ ላይ በአምስት ይከፈላል። የድሬዳዋ ዛፍ አበባ አምስት ቅጠል አለው፤ አራቱ ቀይ ናቸው፣ አምስተኛው ነጣ ወይም ቢጫ ብሎ በቀይ የተዥጎረጎረ ነው። እሱን ያየ አይሳሳትም።

ቀይ አበባ ሁሉ ግን የድሬዳዋ ዛፍ አይደለም። የጫካ ነበልባል የሚባለው ዛፍ አበባው ወደ ላይ የተከፈተ ትልቅ ጽዋ ነው፤ የቅጠሉ ዘንግ ቀጫጭን ዘንጎች ሳያወጣ ቅጠሎቹን በቀጥታ ይይዛል፣ ቅጠሎቹም ሰፋፊ ናቸው። እንቡጡን ቢጫኑት ውኃ ይረጫል። በገጠሩ አጥር ላይ የሚታየው ኮርች ደግሞ የአገራችን ነው። ግንዱና ቅርንጫፉ እሾህ አለው፤ በአንድ ዘንግ ሦስት ሰፋፊ ቅጠሎች ብቻ ይይዛል፤ ብዙ ጊዜም የሚያብበው ቅጠሉን አራግፎ ነው። ዘሩ ያማረ ቢሆንም መርዛማ ነው፤ ልጆች አፋቸው ውስጥ እንዳያስገቡት።