ቱሪን ለመኪና ወዳጅ፦ የፊያት ከተማ ምን ታሳያለች?

ቱሪን በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በፖ ወንዝ ዳር የተቀመጠች የፒየሞንቴ ክልል ዋና ከተማ ናት። ጣሊያኖቹ ቶሪኖ ይሏታል። አየሩ ሲጠራ የአልፕስ ተራሮች ከጎዳናዎቿ ጫፍ ላይ ይታያሉ። መኪና የሚወድ ሰው ግን ተራራውም ቤተ መንግሥቱም ይቆየው። መኪና ሠሪዎቹ ፊያት፣ ላንቺያ፣ አባርትና ኢታላ፣ መኪና ነዳፊዎቹ ፒኒንፋሪናና ኢታልዲዛይን፣ የከባድ መኪናው ኢቬኮ ሁሉም የዚህች ከተማ ወይም የዳርቻዋ ልጆች ናቸው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የጣሊያን መኪና ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ማራኔሎ፣ ወደ ፌራሪ ይሮጣል። ያ ሌላ ዓለም ነው። የቱሪን ዋና ሥራ ተራው ቤተሰብ የሚነዳውን መኪና መሥራት ነበር። እዚህ የሚመጣ ሰው የልጅነቱን መኪና የትውልድ መንደር ሊያይ እንደሄደ ቢያስብ ይሻለዋል።

ለእኛ ደግሞ ነገሩ ቅርብ ነው። አዲስ አበባ ላይ ድሮ ታክሲ የነበረችው ሴይቼንቶ (ፊያት 600) የዚህች ከተማ ሥራ ናት። የነደፋት መሐንዲስ ዳንቴ ጃኮዛ ይባላል። በ1955 ስትወጣ ሞተሯ 633 ሲሲ ነበር፣ ያውም ከኋላ።

ላዳም ብትሆን ዘሯ የሚመዘዘው ከቱሪን ነው። በ1966 ፊያት ከሶቭየት መንግሥት ጋር ተስማማና ቶልያቲ በተባለው ከተማ ትልቅ ፋብሪካ ሊተከል ተወሰነ። የተመረጠው መኪና ፊያት 124 ነበር። ሩሲያኖቹ ግን ዝም ብለው አልገለበጡትም። ለራሳቸው መንገድ ሲሉ የአካሉን ላሜራ አወፈሩት። ከመሬት ከፍ አደረጉት። የኋላውን ዲስክ ፍሬን አውጥተው በታምቡር ቀየሩት። ባትሪው በብርድ ሲሞት ሞተሩ በእጅ ተዙሮ እንዲነሳም ከፊት ለማስነሻው ብረት ቀዳዳ ተዉለት። ምርቱ በ1970 ተጀመረ። አዲስ አበባ ላይ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ ስንት ዓመት የተንገላታው መኪና ይኸው ነው። ያንን ሁሉ ጉድጓድ የቻለው ያለ ምክንያት አልነበረም። አንድ የድሮ ከባድ መኪና ሾፌር ካገኛችሁ ደግሞ ስለ ፊያት ኤን ትሬ ጠይቁት። ቶሎ አይለቃችሁም።

ፊያት የተመሠረተው ሐምሌ 1899 ነው። ስሙ ራሱ «የቱሪን የጣሊያን መኪና ፋብሪካ» የሚለው የጣሊያንኛ ስም አጽሕሮት ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ጆቫኒ አኜሊ ኋላ ላይ ድርጅቱን ጠቅልሎ ያዘው። ከዚያ በኋላ ያለው የከተማዋ ታሪክ ከዚህ ቤተሰብ ተለይቶ አይወራም።

ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ሊንጎቶ ነው። ይህን ፋብሪካ የነደፈው ጃኮሞ ማቴ ትሩኮ ነው። ግንባታው በ1916 ተጀምሮ በ1923 ተመረቀ። ሕንፃው ባለ አምስት ፎቅ ሲሆን ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። አሠራሩ ገራሚ ነው። ጥሬ ዕቃው በምድር ቤት ይገባል፣ መኪናው ፎቅ በፎቅ እየተገጣጠመ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲያልቅ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። ጣሪያው ላይ ምን አለ? የመሞከሪያ ፒስታ፣ ማለትም የመኪና መሮጫ መንገድ። 24 ሜትር ስፋት፣ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ ጫፍና ጫፉ ላይ እንደ ግድግዳ የተጋደመ ኩርባ ያለው ፒስታ። አዲሷ መኪና እዚያ ተነድታ ተፈትሻ፣ በጠመዝማዛው መውረጃ ወርዳ ለገዢ ትሄዳለች። ታዋቂው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ ሕንፃውን አይቶ አድናቆቱን ጽፎለታል።

ፋብሪካው በ1982 ተዘጋ። ያን የሚያህል ሕንፃ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ አርክቴክቱን ሬንዞ ፒያኖን አመጣ። አሁን ውስጡ ሆቴል፣ የገበያ ማዕከል፣ የኮንሰርት አዳራሽና የሥዕል ሙዚየም ሆኗል። ጣሪያው ላይ ደግሞ በ2021 «ፒስታ 500» የተባለ የአትክልት ቦታ ተከፍቷል። 40 ሺህ ያህል ተክሎች ተተክለውበታል። እዚህ ላይ ሐሳቤን ልናገር፦ ተክሎቹ ያምራሉ፣ ግን ፒስታው ባዶውን ሳለ የነበረውን ግርማ ቀንሰውበታል። ደግነቱ ኩርባዎቹን የነካቸው የለም። ከሥራቸው ቆሞ ወደ ላይ ማየት ብቻ ይበቃል። ጠመዝማዛው መወጣጫም እንዳያመልጣችሁ። ከታች ወደ ላይ ሲያዩት የኮንክሪቱ አጥንቶች ከመሃል እንደ ጨረር ተበትነው ይታያሉ።

ከሊንጎቶ በእግር የሚደረስ ቦታ ላይ፣ በፖ ወንዝ ዳር፣ ብሔራዊው የመኪና ሙዚየም አለ። ከተማው ማውቶ ይለዋል። በካርሎ ቢስካሬቲ ዲ ሩፊያ አነሳሽነት በ1933 ተመሠረተ፣ የዛሬው ሕንፃ በ1960 ተከፈተ፣ በ2011 ደግሞ ተስፋፍቶና ታድሶ እንደ አዲስ ሥራ ጀመረ። ውስጡ 200 ያህል መኪኖች አሉ፣ አይን አዋጅ ነው። ከፊያት ውጪ የሌሎች አገሮችም አሉ። ቦርዲኖ የተባለ የጦር መኮንን በ1854 የሠራው በእንፋሎት የሚሄድ ሠረገላ እንኳ አለ።

እኔ ግን ጊዜ የሚሰጠው መኪና አንድ ነው እላለሁ፤ የ1907ቱ ኢታላ። ያን ዓመት ከፔኪንግ እስከ ፓሪስ በመኪና ውድድር ተደረገ። ልዑል ሺፒዮኔ ቦርጌዜ፣ መካኒኩ ኤቶሬ ጉዊዛርዲና ጋዜጠኛው ሉዊጂ ባርዚኒ ሦስት ሆነው ሰኔ ላይ ተነሱ፣ ነሐሴ ላይ ፓሪስ ገቡ። ተከታዮቻቸውን በሳምንታት ቀደሟቸው። መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም። ድልድይ ተሰብሮ መኪናው ወደ ታች ገብቶ ያውቃል። የእንጨት ጎማው ሲሰባበርም ሩሲያ ውስጥ አንድ የገጠር አናጢ በመጥረቢያ ጠርቦ ሠራላቸው። መኪናውን ቀርባችሁ ስታዩት ጣሪያ የለው፣ የፊት መስታወት የለው። ሞተሩ ከ7 ሊትር በላይ ነው። በዚህ ነገር ላይ ሁለት ወር መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ወገባችሁ ይነግራችኋል።

እዚያው ያለው ፊያት ቱርቢናም ይታይ። በ1954 የተሠራ፣ በጋዝ ተርባይን የሚሄድ የሙከራ መኪና ነው። የተሞከረውም ሊንጎቶ ጣሪያ ላይ ነበር። ገበያ አልወጣም። ነዳጅ እንደ ጉድ ይጠጣ ነበር፣ ሙቀቱም አልተቻለም።

ሌላው የፊያት የራሱ ታሪክ ማዕከል ነው፣ ቼንትሮ ስቶሪኮ። ቫለንቲኖ መናፈሻ አጠገብ ባለ፣ የ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ አሠራሩን ባልለቀቀ ሕንፃ ውስጥ ነው። በሩ በአብዛኛው እሁድ ብቻ ስለሚከፈት ጉዞአችሁን ስታቅዱ አስቡበት። የመጀመሪያዋ የ1899 ፊያት እዚያ አለች። ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ትራክተር፣ አውሮፕላንም አሉ፣ ፊያት ያልሠራው ነገር የለም። የቤቱ ንጉሥ ግን ሜፊስቶፌሌ ነው። እንግሊዛዊው ኧርነስት ኤልድሪጅ የአንድ ፊያት ሻንሲ አስረዝሞ 21.7 ሊትር የሆነ የአውሮፕላን ሞተር ሰካበት። በ1924 ፈረንሳይ ውስጥ፣ በተራ የሕዝብ መንገድ ላይ፣ በሰዓት 234.98 ኪሎ ሜትር ነድቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረበት። ኮፈኑ ብቻ ስንት ሰው ያስተኛል! በዚያ ዘመን ጎማና በዚያ ዘመን ፍሬን ይህን መንዳት እብደት ነው።

ሚራፊዮሪ ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው ግዙፉ ፋብሪካ ነው። በ1939 ተመረቀ። ገናና በነበረበት ጊዜ ከ50 ሺህ በላይ ሠራተኛ ነበረው። ከደቡብ ጣሊያን ሻንጣቸውን አንጠልጥለው የመጡ ወጣቶች ናቸው የሞሉት። ዛሬ ቦታው ሰፊ ነው፣ ሰው ግን ሳስቷል። ኤሌክትሪኳ ፊያት 500 ከ2020 ጀምሮ የምትመረተው እዚሁ ነው። ለጎብኚ የሚጠቅመው በግቢው ዳር፣ ቪያ ፕላቫ ላይ ያለው ሄሪቴጅ ሐብ ነው። ድሮ ካምቢዮ ይመረትበት የነበረ አዳራሽ ነው፣ በ2019 ለጉብኝት ተዘጋጀ። 15 ሺህ ካሬ ሜትር ላይ ከ250 በላይ ፊያት፣ ላንቺያና አባርት ተደርድረውበታል። አስቀድሞ ማስያዝ ግድ ነው፣ ጉብኝቱም ከአስጎብኚ ጋር ነው። የራሊ ፍቅር ያለበት ሰው የላንቺያ ዴልታዎቹ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ላንቺያ ከ1987 እስከ 1992 በተከታታይ 6 ጊዜ የዓለም ራሊ የአምራቾች ዋንጫ ወስዷል። ይህን ማንም አልደገመውም።

የላንቺያ የራሱ ሰፈር ቦርጎ ሳን ፓውሎ ነው። ቪንቼንሶ ላንቺያ በ1906 ድርጅቱን የመሠረተው ከፊያት የሙከራ ነጂነቱ ወጥቶ ነው። በ1950ዎቹ የተሠራው የላንቺያ ፎቅ መንገዱን ከላይ ተሻግሮ ቆሟል፣ መኪኖች ከሥሩ ያልፋሉ። ሙዚየም አይደለም፣ አይቶ ማለፍ ነው።

የዲዛይነሮቹ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ፒኒንፋሪና በ1930 ተመሠረተ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1946፣ ጣሊያናውያን በፓሪስ የመኪና ትርኢት እንዳይሳተፉ ሲከለከሉ መሥራቹ ባቲስታ ፋሪና አላመነታም። መኪኖቹን ከቱሪን አመጣና አዳራሹ በር ላይ አቆማቸው። ሰው ሁሉ እዚያው ተሰበሰበ። ላምቦርጊኒ ሚዩራንና ካውንታሽን የነደፈው ማርቼሎ ጋንዲኒም የዚህችው ከተማ ልጅ ነው። ጆርጄቶ ጁጃሮ ደግሞ በ1968 ኢታልዲዛይንን ከመሠረቱት አንዱ ነው። የመጀመሪያው ቮልስዋገን ጎልፍ፣ የ1980ው ፓንዳ፣ የ1983ቷ ኡኖ የእሱ እጅ ናቸው። ስቱዲዮዎቹ በከተማዋ ዙሪያ ባሉ ትንንሽ ከተሞች ነው ያሉት፣ ለመንገደኛ በራቸውን አይከፍቱም። የሥራቸውን ውጤት ማውቶ ውስጥ ማየቱ ይቀላል።

መንገድ ላይ አሮጌ ፊያት እየተርመሰመሰ ይጠብቀኛል ብሎ የሚመጣ ሰው ግን ቅር ይለዋል። የአየር ብክለት ደንቡ ጥብቅ ስለሆነ አሮጌ መኪና እንደ ልብ አይነዳም። ወደ ኮረብታው፣ ወደ ሱፔርጋ በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ በእረፍት ቀን አንዳንዴ ያጋጥማል። በ2024 መስከረም ላይ ደግሞ የቱሪን የመኪና ትርኢት ወደ መሃል ከተማው አደባባዮች ተመልሷል።

መጓጓዣን በተመለከተ፣ ለመኪና ፍቅር መጥቶ መኪና አለመከራየት ያስቃል። ግን ይሻላል። ሹፌር የሌለው ሜትሮ መስመር 1 ከመሃል ከተማ ተነስቶ ሊንጎቶ ያደርሳል፣ ለማውቶም ከዚያው አካባቢ ወርዶ በእግር መሄድ ነው። ከጀርመን ወይም ከስዊዘርላንድ በራሳቸው መኪና የሚመጡ ሐበሾች በተለይ ዜድ ቲ ኤል የሚባለውን ክልል ይጠንቀቁ። መሃል ከተማው በሥራ ቀን ጠዋት ፈቃድ ለሌለው መኪና ዝግ ነው። የሚያስቆም ፖሊስ የለም፣ ካሜራው ታርጋውን አንስቶ ዝም ይላል። ቅጣቱ ከወራት በኋላ ቤት ድረስ በፖስታ ይመጣል። ሆቴላችሁ ክልሉ ውስጥ ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት ደውላችሁ ታርጋችሁን ሊያስመዘግቡላችሁ ይችሉ እንደሆነ ጠይቁ።