ቦርደርላይን ነው ለማለት ምን ያስፈልጋል?

"የድሮ ፍቅረኛዬ ቦርደርላይን ነበረች።" ይህን የሚል ሰው ደጋግሞ ያጋጥመኛል። ብዙውን ጊዜ ማለት የፈለገው "ተጣልተን ተለያየን" ነው። ቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር ግን የሕመም ስም እንጂ ስድብ አይደለም። ስሜትን መግራት፣ ራስን ማወቅና ከሰው ጋር ተስማምቶ መኖር ለዓመታት የሚከብድበት የስብዕና መታወክ ነው። አንድ አዋቂ ሰው ይህ ሕመም እንዳለበት እንዴት ይታወቃል? እዚህ ላይ ብዙ ስህተት ይወራል።

"ኢንተርኔት ላይ ተፈትኜ አለብህ አለኝ"

መጠይቅ ለማጣሪያ ነው። ከታወቁት አንዱ 10 ጥያቄ አለው፤ 7 ወይም ከዚያ በላይ "አዎ" ካሉ ሐኪም ቢያይዎ ይሻላል ማለት ነው፣ በቃ። ዋናው ምርመራ ቁጭ ብሎ ማውራት ነው። ዲኤስኤም-5 የተባለው የአሜሪካ የአእምሮ ሕመሞች መመሪያ ለቦርደርላይን 9 መስፈርቶች አሉት፦ ጥለውኝ ይሄዳሉ ብሎ መሸበር፣ አንዱን ሰው ዛሬ መልአክ ነገ ሰይጣን አድርጎ ማየት፣ የማንነት መዋዠቅ፣ ጉዳት የሚያመጣ ችኩልነት፣ ራስን መጉዳት ወይም የመሞት ሙከራ፣ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ስሜት፣ የማይለቅ ባዶነት፣ ልክ ያለፈ ቁጣ፣ በጭንቀት ሰዓት የሚመጣ ጥርጣሬ ወይም ከራስ የመለየት ስሜት። ቢያንስ 5ቱ መኖር አለባቸው፤ ያውም ከወጣትነት አንስቶ፣ በተለያየ ቦታ የታዩ። ሒሳቡን ከሠሩት 256 ዓይነት ጥምረት ይወጣል። ሁለት ታማሚዎች የሚጋሩት አንድ ምልክት ብቻ ሊሆን ይችላል። "ቦርደርላይን ያለባትን የአክስቴን ልጅ አትመስልም፣ ስለዚህ እሷ የለባትም" ማለት አያስኬድም።

የደም ምርመራም ሆነ የአንጎል ፎቶ ቦርደርላይንን አያሳይም። ሐኪሙ ደም ካዘዘ እንደ ታይሮይድ ያለ ሌላ ምክንያት እንዳያመልጠው ነው።

"ስሜቱ ከፍ ዝቅ ካለ ባይፖላር ነው"

ባይፖላር ስሜት ለቀናት ወይም ለሳምንታት እጅግ ከፍ ወይም ዝቅ የሚልበት ሌላ ሕመም ነው። ትልቁ ግራ መጋባት ይሄ ነው፤ ባለሙያዎችንም ያሳስታል። ሁለት ጥያቄ ይረዳል። ስንት ጊዜ ቆየ? ከምን በኋላ መጣ? አንዲት ሴት ጠዋት ለጓደኛዋ ደወለች እንበል። አልተነሳም። እኩለ ቀን ላይ ዓለም የተደፋባት መሰላት፣ የስድብ መልእክት ላከች። ማታ ጓደኛዋ "ስብሰባ ላይ ነበርኩ" ስትላት ሁሉም ነገር ረገበ። በሰዓታት የሚለዋወጥና ከሰው ጋር የተያያዘ እንዲህ ያለ ስሜት ወደ ቦርደርላይን ያደላል። የባይፖላር ማኒያ (ስሜትና ጉልበት ከልክ በላይ የሚነሳበት ወቅት) ግን ብዙውን ጊዜ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ቀለል ያለው እንኳ ቢያንስ 4 ቀን። ሰውየው ሦስት ሰዓት ተኝቶ አይደክመውም፤ ምንም ሳይፈጠርም ሊጀምረው ይችላል። ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ሊገኙ ስለሚችሉ ጥሩ ሐኪም አይቸኩልም።

ልዩነቱ ለሕክምናው ወሳኝ ነው። ለባይፖላር መድኃኒት ዋና ነው። ለቦርደርላይን ተብሎ በአሜሪካ የጸደቀ መድኃኒት ግን የለም፤ ዋናው የንግግር ሕክምና ነው።

"የሴቶች ነገር ነው"

ክሊኒክ የሚመጡት አብዛኞቹ ሴቶች ስለሆኑ ነው እንዲህ የሚባለው። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ሕዝብ ጥናት በወንድና በሴት መካከል ልዩነት አላገኘም። ወንዱን እኛ "ቁጡ ነው"፣ "ጠጪ ነው" ብለን እናልፈዋለን።

"ራሷን የምትጎዳው እዩኝ ለማለት ነው"

ብዙዎቹ በድብቅ ነው የሚያደርጉት፤ የውስጥ ሕመማቸውን ለማስታገስ። ሐኪም ስለ መሞት ሐሳብ በግልጽ ሲጠይቅም ሐሳቡን አያስገባባቸውም። ራስዎ ወይም የቅርብ ሰው እዚያ ከደረሱ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ሌላም አለ። መመሪያው ራሱ ሰው በባህሉ እንዲመዘን ያዝዛል። በአስተርጓሚ ለሚታከም የውጭ አገር ሐበሻ ይሄ ቀላል አይደለም። "በሞቴ ብላ!" ቃል በቃል ሲተረጎም እስቲ አስቡት። ለቅሶ ላይ ደረት መምታትም ምልክት አይደለም።

"አንዴ ከተባልክ አለቀልህ"

ይህን ፈርተው ለታማሚው የማይነግሩ ሐኪሞች አሉ። አሜሪካ ውስጥ 290 ታማሚዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ግን በ10 ዓመት ውስጥ 93 በመቶዎቹ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ከመስፈርቱ በታች መሆናቸውን አሳይቷል። ቋሚ ሥራና ጥሩ ማኅበራዊ ኑሮ ጨምረው ሙሉ በሙሉ ያገገሙት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ምልክቱ ቶሎ ይለቃል፤ ኑሮን መልሶ መገንባት ነው ጊዜ የሚወስደው።