የግድግዳ ወረቀት አመራረጥ በሐረርና በድሬዳዋ ቤቶች

በተለምዶ ዎልፔፐር የሚባለው የግድግዳ ወረቀት በሐረርና በድሬዳዋ አዳዲስ ቤቶች፣ በተለይ በሳሎንና በመኝታ ክፍል፣ የቀለምን ቦታ እየተጋራ የመጣ ማስጌጫ ነው። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው መንገድ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሐረር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ አየራቸው ለየቅል ነው፤ አንዷ ደጋማ ነፋሻ፣ ሌላዋ ቆላማ ሞቃት። የቤቶቹ አሠራርም ይለያያል። በአንዱ ቤት ዓመታት የቆየ ወረቀት በሌላው ቤት በአንድ ክረምት ወይም በአንድ በጋ ሊላቀቅ ይችላል። ገዢ ሱቅ ሲገባ ዓይኑ የሚያርፈው አበባውና ቀለሙ ላይ ነው፤ ምርጫው መጀመር ያለበት ግን ቤት ካለው ግድግዳ ነው።

የሐረር ግድግዳ

የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት፣ ጌይ ጋር፣ በራሱ የግድግዳ ጥበብ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን በታነጸው የጀጎል ግንብ ውስጥ ያሉት እነዚህ ቤቶች ከድንጋይና ከጭቃ የተሠሩ፣ ወፍራም ግድግዳና ጠፍጣፋ ጣራ ያላቸው ናቸው። ዋናው ክፍል ግድር ጋር ይባላል። በውስጡ ነደባ የተባሉ አምስት ከፍ ከፍ ያሉ መቀመጫዎች አሉ፤ የቤቱ አባወራና የተከበረ እንግዳ የሚቀመጡበት አሚር ነደባ፣ ሰፊው ግድር ነደባ፣ ትንሹ ጢት ነደባ፣ ከለል ያለው ሱትሪ ነደባ፣ አምስተኛውም ከበሩ ኋላ ያለው ነው። የአምስቱን ቁጥር ከአምስቱ የእስልምና መሠረቶች ጋር የሚያያይዙት ብዙዎች ናቸው።

ነደባውና ወለሉ ቀይ አፈር ይቀባሉ። ቀዩ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ሰዎች ደም እንዲያስታውስ ነው የሚል ትረካ በከተማዋ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይነገራል። ከቀዩ በላይ ግድግዳው በኖራ የነጣ ነው። በነጩ ግድግዳ ውስጥ መጽሐፍ፣ ቁርኣንና ዕቃ የሚቀመጥባቸው መደርደሪያዎች ከግንባታው ጋር አብረው ተቦርቡረው ይወጣሉ፤ በወጉ መሠረት አሥራ አንድ ናቸው። የቀረው ቦታ በስፌት ይሞላል። ሴቶች ለወራት የሰፏቸው፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊና ጥቁር ክር ወይም ስንደዶ የተቀላቀለባቸው ጠፍጣፋ ሞሶቦች ከኢሜል ሳህኖችና ከእንጨት ገበታዎች ጋር በረድፍ ይሰቀላሉ። የአንዳንዱ ስፌት ቅርጽ ከመሃል ተነሥቶ በሦስት ማዕዘንና በደረጃ እየሰፋ ይሄዳል፤ የአንዱ ጠርዝ ቀለም ከጎረቤቱ ጠርዝ ጋር እንዲነጋገር ተደርጎ ነው የሚሰቀለው። ሙሽራ ወደ ቤቷ ስትገባ ይዛው የምትመጣው ስፌትም እዚሁ ግድግዳ ላይ ቦታ ያገኛል።

በእንዲህ ዓይነት ክፍል ውስጥ የግድግዳ ወረቀት መለጠፍ ሁለት ጥፋት ያመጣል። የመጀመሪያው የዓይን ነው። ሞሶቡ የተሰፋው ነጭ ግድግዳ ላይ እንዲታይ ነውና ከጀርባው ሌላ ሐረግና አበባ ሲመጣበት ሁለቱም ይጠፋሉ። ሁለተኛው የግንባታ ነው። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይና በላዩ ያለው ኖራ እርጥበት ይቀበላል፣ መልሶም ይተነፍሳል። ፊቱ ፕላስቲክ የሆነ ወረቀት ይህን መተንፈሻ ይደፍነዋል። በክረምት ወደ ግድግዳው የገባው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ከወረቀቱ ጀርባ ጥቁር ሻጋታ ያበቅላል፣ ምርጊቱንም ያላላል። ወረቀቱ ሲነሣም ኖራውንና ጭቃውን ይዞ ይወርዳል። ሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረችው ለግንቡ ብቻ ሳይሆን ለእነዚህ ቤቶች የውስጥ አሠራርም ጭምር ነውና ግድር ጋር በኖራው ቢቀመጥ ነው የሚሻለው። የጌይ ጋር ባለቤት ወረቀት ከወደደ ከግንቡ ውጭ ባለው አዲስ ቤቱ፣ ወይም በግቢው ውስጥ በብሎኬት በተጨመረው ክፍል ምኞቱን ማሟላት ይችላል።

ጋዜጣና የዱቄት ኮላ

ግድግዳ ላይ ወረቀት መለጠፍ ለሀገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በጭቃ በተመረጉ ቤቶች ጋዜጣና የመጽሔት ገጽ መለጠፍ ለረጅም ጊዜ የኖረ ልማድ ነው። ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፣ በፈላ ውኃ ላይ እየተማሰለ ይጨመራል፣ እስኪወፍር ይበስላል፤ ኮላው ይኸው ነው። ወረቀቱ የሚረግፈውን አፈር ይይዛል፣ በስንጥቅ የሚገባውን ነፋስ ይከለክላል፣ ክፍሉንም ያደምቃል። ጣራው ሥር የሚወጠረው የአቡጀዲ ኮርኒስም የዚሁ ሐሳብ ወንድም ነው። ብዙ ልጆች ፊደል ያጠኑት ከትምህርት ቤት ይልቅ ከአልጋቸው ጎን ካለው ግድግዳ ላይ ነው። ችግሩ ምስጥና በረሮ ናቸው፤ የዱቄቱንም የወረቀቱንም ጣዕም ያውቁታል።

በውጭ ዓለምም ቢሆን የግድግዳ ወረቀት ለረጅም ዘመን በትናንሽ ሉሖች እየተቀጣጠለ ነበር የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ1799 ፈረንሳዊው ሉዊ ኒኮላ ሮቤር ወረቀትን ሳያቋርጥ የሚያወጣ ማሽን በስሙ ካስመዘገበ በኋላ ነው ዛሬ በሱቅ የምናየው ረጅም ጥቅል መንገዱ የተከፈተለት።

የድሬዳዋ ግድግዳ

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ደቻቱ ወንዝ ከሚለያቸው ሁለቱ ነባር ክፍሎች አንዱ በሆነው ከዚራ፣ በባቡሩ ዘመን የተሠሩ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም፣ ኮርኒሳቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳቸውም ሰፊ ነው። ፀሐይ ግድግዳውን በቀጥታ ስለማታገኘው ለወረቀት ምቹ ናቸው። በሌላው ነባር ክፍል በመጋላና ኋላ በተስፋፉት ሠፈሮች ውስጥ ያለው አብዛኛው አዲስ ቤት ግን በብሎኬት ተሠርቶ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። ብሎኬት ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ወደ ውስጥ ይተፋዋል። በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ ደግሞ የከሰዓት በኋላውን ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ይቀበላል።

ስለዚህ በድሬዳዋ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህን ግድግዳ ከሰዓት በኋላ ለስንት ሰዓት ያህል ፀሐይ ይመታዋል?» የሚል ነው። ጀርባው ተልጦ የሚለጠፈው፣ ስቲከር የሚባለው ዓይነት፣ ርካሽና ቀላል በመሆኑ ብዙ ይሸጣል። ሙቀት ግን ሙጫውን ያለሰልሰዋል፣ ፕላስቲኩንም ያኮማትረዋል። መጀመሪያ መጋጠሚያው ይከፈታል፣ ቀጥሎ ጠርዙ ይጠቀለላል፣ በመጨረሻ ከላይ ወደ ታች ይንጠለጠላል። በምዕራብ ግድግዳ ላይ ስቲከር አለመለጠፍ ነው የሚበጀው። እዚያ ላይ ቀለም ይቀባ፤ ወረቀቱ በውስጠኛው፣ ክፍልን ከክፍል በሚለየው ግድግዳ ላይ ይዋል።

የወረቀቱ ዓይነት

ተራ ወረቀት ይተነፍሳል፣ ግን አይታጠብም፣ ሲርስም ይቀደዳል። ቪኒል ፊቱ ፕላስቲክ ስለሆነ በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳል፤ በደረቅና በደንብ በተለሰነ ግድግዳ ላይ ጥሩ ነው። ጀርባው ያልተሸመነ ጨርቅ የሚመስለው ዓይነት ከሁሉም የሚመረጥ ነው። በኮላ ሲርስ አይለጠጥም፣ ሲደርቅ አይኮማተርም፣ ኮላውም ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ስለሚቀባ ሥራው ይፈጥናል፤ ሲነሣም በደረቁ ይላጣል። ጡብ አስመስለው ከስፖንጅ የሚሠሩት ወፍራም ሰሌዳዎች በድሬዳዋ አቧራ ቶሎ ይቆሽሻሉ። ከዚህ የሚብሰው እሳት መውደዳቸው ነው፤ ምድጃ ባለበት ኩሽና፣ ከሰል በሚቀጣጠልበት ጥግና በመብራት ማከፋፈያ ዙሪያ ሊለጠፉ አይገባም።

በሁለቱም ከተሞች ሳሎን ከሌላው አካባቢ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ሰው የሚቀመጠው ዝቅ ብሎ፣ ግድግዳ ተደግፎ ነው። መጅሊስ ወይም ፍራሽ በተዘረጋበት ክፍል፣ በተለይ ከሰዓት በኋላ በርጫ (ጫት የሚቃምበት ቁጭታ) በሚያዝበት፣ የተቀመጡ ሰዎች ጭንቅላት በሚያርፍበት ቁመት ላይ የቅባትና የላብ መስመር ይወጣል። ከወለሉ አንድ ሜትር ገደማ ላይ፣ ልክ በየሰው መቀመጫ፣ ክብ ክብ ጥቁረት ሆኖ ይታያል። ለእንዲህ ዓይነት ክፍል ሁነኛው መላ ግድግዳውን ለሁለት መክፈል ነው። የታችኛው ክፍል ከመከዳው ጫፍ እስከ ትከሻ በላይ በሚታጠብ የዘይት ቀለም ይቀባል፣ ወረቀቱ ከዚያ በላይ ይጀምራል፣ መጋጠሚያው ላይ ቀጭን የእንጨት ጠርዝ ይመታል። ቡና በየቀኑ በሚፈላበት፣ ዕጣን በሚጨስበት ጥግ ደግሞ ጭሱ ነጭ ወረቀትን በጊዜ ሂደት ስለሚያገረጣ የሚታጠብ ዓይነት ያስፈልጋል።

የሚታጠብ መሆኑን ከሻጩ ቃል ይልቅ ከጥቅሉ ላይ ካለው ወረቀት ማንበብ ይቻላል። የሞገድ ምልክት መታጠቡን ይነግራል፤ የሞገዱ ቁጥር በጨመረ መጠን እሽታን ይችላል። የፀሐይ ምልክት ቀለሙ ብርሃንን መቋቋሙን ያሳያል፤ ሙሉ ፀሐይ ከግማሽ ፀሐይ ይበልጣል። ቀስቶቹ ሥዕሉ እንዴት እንደሚጋጠም ያመለክታሉ፤ ጎን ለጎን እኩል የሆኑ ቀስቶች ቀጥታ መግጠሙን፣ አንዱ ዝቅ ያለ ከሆነ ተከታዩ ቁራጭ በዚያ መጠን ዝቅ ብሎ እንደሚገጥም።

ስንት ጥቅል?

የተለመደው ጥቅል 53 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሜትር ርዝመት አለው። 4 በ5 ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 2.80 ሜትር የሆነ ሳሎን ዙሪያው 18 ሜትር ነው፤ 34 ቁራጭ ይፈልጋል። ለላይና ለታች ማስተካከያ 10 ሳንቲ ሜትር ሲጨመር እያንዳንዱ ቁራጭ 2.90 ሜትር ይሆናል፣ ከአንድ ጥቅልም ሦስት ይወጣል። በርና መስኮት ሳይቀነስ 12 ጥቅል ማለት ነው። ያው ሳሎን 3.60 ሜትር ከፍታ ባለው የከዚራ ቤት ውስጥ ቢሆን ግን ከአንድ ጥቅል የሚወጣው ሁለት ቁራጭ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ወደ 17 ይዘላል። ብዙ ሰው በካሬ ሜትር ብቻ አስቦ የሚጎድልበት እዚህ ላይ ነው። ከኮሪያ የሚመጡት ጥቅሎች በአመዛኙ 1.06 ሜትር ስፋትና 15.6 ሜትር ርዝመት ስላላቸው ለመጀመሪያው ሳሎን አራቱ ይበቃሉ። ሥዕሉ ትልልቅ ሲሆን ለማጋጠም የሚባክነው ይጨምራል። ሁሉም ጥቅል አንድ የምርት ቁጥር ያለው መሆኑ ሱቁ ውስጥ መታየት አለበት፤ ቁጥሩ ከተለያየ ቀለሙ በትንሹ ይለያያል፣ ልዩነቱም የሚታየው ከተለጠፈ በኋላ ነው።

ቀለምና ሥዕል

ለድሬዳዋ ሙቀት ለዓይን የሚቀዘቅዙ ፈዛዛ ቀለሞች፣ ለምሳሌ ክሬም፣ ፈዛዛ አረንጓዴና የውኃ ሰማያዊ፣ ይስማማሉ። ሐረር ላይ ሞቅ ያለ ቀለም አያስከፋም። አራቱንም ግድግዳ በሥዕል መሙላት ክፍሉን ያጠባል፤ አንዱን መርጦ ሦስቱን በአንድ ወጥ ቀለም መተው ወጪውንም ዓይኑንም ያሳርፋል። ባለ 4 ሜትሩ ግድግዳ በ2.80 ከፍታ ሦስት ጥቅል ብቻ ይፈልጋል።

በሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ የሰውና የእንስሳ ምስል ያለበት ወረቀት ብዙ ጊዜ አይመረጥም፤ ሐረግና የማዕዘን ቅርጽ ይወደዳል። ሶላት በሚሰገድበት በኩል ያለው ግድግዳም ሐሳብ እንዳይበትን ያለ ሥዕል ቢተው ይመረጣል። በክርስቲያን ቤት ሥዕለ አድኅኖ የሚሰቀልበት ጥግ እንዲሁ ጸጥ ያለ ይሁን፤ ምስማሩ የሚገባበት ቦታ ወረቀቱ ሳይለጠፍ በፊት ይወሰን። የሐረርን ስፌት አዲሱ ሳሎኑ ላይም መስቀል የሚፈልግ ሰው ያንን ግድግዳ ወጥ አድርጎ ይተወው።

ከመለጠፉ በፊትና በኋላ

አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ አንድ ወር ይድረቅ። የሚጠረጠር ግድግዳ ላይ ቁራጭ ላስቲክ በፕላስተር አራቱን ጠርዝ አሽጎ ለአንድ ሁለት ቀን መተው ነው፤ ከሥሩ ጤዛ ከታየ ግድግዳው እርጥብ ነው። ኖራ የተቀባ ግድግዳ በእጅ ሲታበስ ነጭ የሚለቅ ከሆነ ኮላ አይይዝም፤ ተፍቆ፣ ስቱኮ ተደርጎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተስተካክሎ፣ ፕራይመር (ከሥር የሚቀባ መያዣ ቀለም) ይቀባል። የመጀመሪያው ቁራጭ በቱምቢ፣ ክብደት በታሠረበት ክር፣ ቀጥ ማለቱ ይለካ። የቤቱን ማዕዘን ተማምኖ የጀመረ ባለሙያ ሦስተኛው ቁራጭ ላይ መጣመሙን ያየዋል። በሚለጠፍበት ቀንና በማግስቱ ቬንትሌተር ወደ ግድግዳው አይዙር፣ በርና መስኮትም ወለል ብሎ አይከፈት፤ ኮላው ፈጥኖ ከደረቀ መጋጠሚያው ይከፈታል።

ተከራይ የሆነ ሰው በደረቁ የሚላጠውን ዓይነት ይምረጥ፣ ከመለጠፉ በፊትም ከአከራዩ ጋር ይነጋገር። ከተረፈው ወረቀት አንድ ሙሉ ቁራጭ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ የቡፌ ጠርዝ የጫረውን ቦታ ለመጠገን የሚያገለግለው እሱ ነው፣ ሱቁ ውስጥ ያው ሥዕል ከርሞ አይገኝምና።