የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በጀት በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚተዳደሩት በዋናነት በክልል መንግሥታት በጀት ነው። ክልሉ የራሱን ገቢ ከፌዴራል ድጎማ ጋር ደምሮ ለወረዳዎች በቀመር ያከፋፍላል፤ የድጎማውን ቀመር የሚያጸድቀው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ወረዳው የደረሰውን ጥቅል በጀት (ብሎክ ግራንት) ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርናና ለሌሎች ዘርፎች ይደለድላል። ስለዚህ የአንድ ትምህርት ቤት ዕጣ ፈንታ በአብዛኛው የሚወሰነው በወረዳ ምክር ቤት ነው።

በ1940 ዓ.ም. የታወጀው የትምህርት ግብር ከመሬት ይሰበሰብ ነበር። በደርግ ዘመን የግል ትምህርት ቤቶች ተወርሰው አስተዳደሩ ለሕዝብ ኮሚቴዎች ተሰጠ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ትምህርትን በነፃ አደረገ። በ1994 እና 1995 ዓ.ም. ጥቅል በጀት በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ወደ ወረዳ ወረደ፤ የዛሬው አሠራር መሠረት ይህ ነው።

የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጀት ደመወዝ፣ ሥራ ማስኬጃና ካፒታል ተብሎ ይከፈላል። ደመወዝ አብዛኛውን ይወስዳል፤ መምህር ደመወዙ ሳይከፈለው መቅረት የለበትምና ቅድሚያው ተገቢ ነው። ችግሩ ለጠመኔ፣ ለወረቀት፣ ለላቦራቶሪ ኬሚካልና ለተሰበረ ወንበር ጥገና የሚተርፈው በጣም ጥቂት መሆኑ ነው። ካፒታል በጀትም ሲጠብ የገጠር መማሪያ ክፍሎችን ሕዝቡ ድንጋይና እንጨት አቅርቦ፣ ጉልበቱንም ጨምሮ ሠርቷቸዋል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም የትምህርት ቤት ድጎማን አመጣ። ድጎማው የሚሰላው በተማሪ ቁጥር ነው፤ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል በተማሪ 50 ብር፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ 55 ብር ተመድቦ ነበር። በዚህ ስሌት 600 የመጀመሪያ እርከን (1ኛ–4ኛ) እና 400 የሁለተኛ እርከን (5ኛ–8ኛ) ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት 52,000 ብር ያገኝ ነበር። መጠኑ ትንሽ ቢመስልም ርዕሰ መምህሩና ወላጆች በጋራ የሚወስኑበት ገንዘብ በመሆኑ በትምህርት ቤቱ ሕይወት ላይ ያሳደረው ለውጥ ትልቅ ነው። አንዳንዶች ድጎማው ከመጣ በኋላ ወረዳዎች የራሳቸውን ሥራ ማስኬጃ ቀንሰዋል ይላሉ፤ ይህ ከወረዳ ወረዳ ይለያያል።

አጠቃቀሙ ከትምህርት ቤት መሻሻል ዕቅድ ጋር የተያያዘ ነው። ዕቅዱ መማር ማስተማርን፣ ምቹ የትምህርት አካባቢን፣ አመራርንና የኅብረተሰብ ተሳትፎን ይሸፍናል። መጀመሪያ ግለ ግምገማ ይደረጋል፤ ከዚያ የወላጅ መምህራን ኅብረት (ወመህ) ዕቅዱን ያጸድቃል፤ ግዢው በኮሚቴ ይፈጸማል። የተገዛው ዕቃ ሞዴል በሚባሉ የመንግሥት ንብረት ቅጾች ይመዘገባል፦ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ፣ በሞዴል 20 ተጠይቆ፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። ሞዴል 19 ያልተቆረጠለት ዕቃ በኦዲት ጊዜ እንዳልተገዛ ስለሚቆጠር ርዕሰ መምህሩን ያስጠይቃል።

ሥራው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የተማሪ ቆጠራ ነው። ክፍያው ቀደም ሲል በተሰበሰበ የትምህርት መረጃ ላይ ስለሚመሠረት በአንድ ዓመት ብዙ ተማሪ የጨመረ ትምህርት ቤት ለአዲሶቹ ምንም ሳያገኝ ይከርማል። የቆጠራ ቅጹን ዘግይቶ ወይም አጓድሎ የላከም ይጎዳል፤ በመስከረም ተመዝግቦ በአዝመራ ወቅት የቀረ ተማሪን ሳይቀንስ የላከም በክትትል ጊዜ ይጠየቃል። ሁለተኛው የጊዜ አለመገጣጠም ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ትምህርት በመስከረም ይከፈታል፣ ገንዘቡ ግን የዓመቱ አጋማሽ ካለፈ በኋላ ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ መጻሕፍትና ጠመኔ የሚያስፈልጉበት ወቅት አልፎ ግዢው በጥድፊያ ይሆናል። ከወረዳ የተመደበ ሥራ ማስኬጃ እስከ ሰኔ 30 ካልተሠራበት ስለሚቃጠል ልምድ ያላቸው ርዕሰ መምህራን የዋጋ ማቅረቢያ ሰብስበውና የግዢ ዝርዝሩን በወመህ አስጸድቀው ገንዘቡ እስኪገባ ይጠብቃሉ።

አዲስ አበባ ከዚህ መዋቅር ለየት ትላለች። የከተማ አስተዳደሩ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ምገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ከራሱ በጀት ይሸፍናል። ብዙዎቹ ክልሎች ይህን በዚያ ስፋት ለማድረግ የገቢ አቅም የላቸውም።