እምቦጩን ነቅለን ብንጨርስ ጣና ይድናል?

«እምቦጩ ተነቅሎ ካለቀ ጣና ዳነ ማለት ነው።» ሐይቁን ስለወረረው የውሃ አረም ይህን ያልሰማሁበት ስብሰባ የለም። ታክሲ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም ሰምቼዋለሁ። ረግረግ መሬት ሳጠና ዓመታት ቆይቻለሁ፤ ይህ አባባል ግን ዛሬም ያበሳጨኛል።

ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ልለፋቸው። «ረግረግ ባዶ መሬት ነው» ይባላል። ቀረሶና አምባዛ የሚባሉት ዓሦች ግን የሚራቡት እዚያ ነው። የታንኳው ደንገልም፣ ከብቱ በበጋ የሚግጠው ሳርም ከዚያው ነው።

«ረግረጉ ቢደርቅ ወባ ይጠፋል» የሚሉም አሉ። እኛ አገር ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው ትንኝ የምትወደው ፀሐይ የሚያገኘውን ትንሽ ኩሬ ነው። የከብት ኮቴ የተወው ጉድጓድ፣ ለጡብ ጭቃ የተቆፈረበት ቦታ፣ የመኪና ጎማ ያለፈበት ዱካ ይበቃታል። ጥቅጥቅ ያለ ደንገል የጋረደው ውሃ ያን ያህል አይመቻትም። ደንገሉን መንጥረን በከብት ስናስረግጠው ነው ቦታ የምናዘጋጅላት።

ወደ እምቦጩ ልመለስ። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. ነው። ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ምግቡንም በተንጠለጠለው ሥሩ ከውሃው ይወስዳል። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት ይህን ሁሉ ምግብ ማን አቀረበለት የሚለው ነው። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከላይ አፈር ጠርገው ይወርዳሉ። ከአፈሩ ጋር የማዳበሪያው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አብሮ ይመጣል። ዳር ዳሩን ደንገልና ፊላ የሚባለው የረግረግ ተክል ካለ ውሃው እዚያ ይዘገያል፣ ደለሉ ይዘቅጣል፣ ሥሩ ከምግቡ ይወስዳል። ዛሬ ግን በብዙ ቦታ ደንገሉ ተቃጥሎ ታርሷል። ሐይቁ በሸሸ ቁጥር ባሕር ሸሹ ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ገበሬውን አልወቅስም፤ ሌላ መሬት የለውም። ግን ማጣሪያው ከተነሳ ጎርፉ በቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ይገባል።

አንድ የዘመቻ ቀን አይረሳኝም። ወጣቶች ደረታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው ሲነቅሉ ዋሉ። ልባቸው ንጹሕ ነበር። ያወጡትን ክምር ሳይ ግን ግማሹ ደንገልና ፊላ ነበር። የሐይቁን ጠባቂ ከወራሪው ጋር አብረው ነቅለውታል። ለይቶ ያሳያቸው ሰው አልነበረም። ክምሩም እዚያው ዳር ቀረ። ክረምት ሐይቁ ሲሞላ ብመለስ፣ ክምሩ የነበረበት ቦታ ውሃ ገብቶበት አረንጓዴ ሆኗል።

ዘሩ እኮ ጭቃ ውስጥ 20 ዓመት ገደማ ሊቆይ ይችላል። ተቆርጦ የቀረ ቁራጭም ራሱን ችሎ ይበቅላል።

ስለዚህ መንቀሉ ይቀጥል፤ እንዲህ ግን ይሁን። ከማበቡ በፊት ይነቀል። የተነቀለው ክረምት ውሃው ከሚደርስበት መስመር ርቆ ይድረቅ። ደንገልና ፊላ አይነካ። ላይኛው ተፋሰስ ላይ እርከኑ ይጠገን። በወንዞቹ አፍ ደንገል እንደገና ይተከል። ሥሩን ቆርጦ እርጥብ ጭቃ ውስጥ መቅበር ነው፣ ይይዛል። ከባዱ ሥራ እስኪጠና ድረስ ከብት እንዳይገባበት መጠበቅ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ባለከብቶቹ ለበጋ የሚሆን መኖ ከሌላ ቦታ ማግኘት አለባቸው።